ለቀትር ፀሐይና ለፍላሽ፦ ሪኮ ጂአር 3 ወይስ ፉጂ ኤክስ100ቪ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ሰርግና ምርቃት አነሳለሁ፤ አብዛኛው ሥራ የሚውለው በቀትር ፀሐይ ነው። ያለኝ ካነን 80ዲ፣ 50 ሚሜ ሌንስና ጎዶክስ ቲቲ685 ፍላሽ ነው።

ጀርባውን ለማደብዘዝ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 2.8 ስከፍት፣ በአይኤስኦ 100 (ዝቅተኛ የብርሃን ትብነት) ፀሐዩ 1/4000 ሰከንድ አካባቢ የሹተር (የብርሃን መዝጊያው) ፍጥነት ይፈልጋል። ካሜራው ግን ከፍላሽ ጋር የሚሄደው እስከ 1/250 ነው። ሃይ ስፒድ ሲንክ (ከዚያ በላይ በፈጠነ ሹተር ፍላሹን የሚያሠራ ዘዴ) ሞከርኩ፤ ኃይሉ በጣም ስለሚቀንስ ብርሃን በሚያለሰልሰው የፎቶ ጃንጥላ አልፎ ሙሽራዋ ጋ የሚደርሰው ብርሃን አይበቃም፣ ዓይኗ ሥር ያለው ጥላ አይለቅም። ጥቁር ኤንዲ ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ሳስር ደግሞ በመመልከቻው ፎከስ መያዝ ይከብዳል፤ ሰርግ ላይ እንዲህ ማዝገም አይቻልም።

ስለዚህ ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለ (እንዲህ ያለው ከ1/250 በላይም ከፍላሽ ጋር ይሄዳል)፣ ዘወትርም ከእጄ የማይለይ ትንሽ ካሜራ እፈልጋለሁ። ሪኮው ከነባትሪው 257 ግራም ነው፣ ኪስ ይገባል፤ ነገር ግን 28 ሚሜ ለፊት ፎቶ ሰፊ ነው፣ የራሱ ፍላሽም የለውም። ፉጂው 35 ሚሜ ነው፣ ውስጡ ባለ 4 ስቶፕ ኤንዲ (ብርሃኑን ወደ 1/16 የሚያወርድ) አለው፣ እኔን ይበልጥ የሚስበኝም እሱ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ፍላሽ በሙሉ ኃይል ሲበራ ብርሃኑ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ፈጣን ሹተር መጨረሻውን እንደሚቆርጠው አውቃለሁ፤ ግማሽ ኃይል ይበቃኛል።

በሬዲዮ ትሪገር (ፍላሹን ያለ ገመድ ከርቀት በሚያበራ መሣሪያ) የሠራችሁባቸው፦ ከሁለቱ በ1/1000 የፍላሹን ብርሃን ሳይቆርጥ የሚያነሳው የትኛው ነው?