የፑሻሮን የዓለት ላይ ቅርጾች ሳይጎዱ መሰነድ

ዋርካ፦
ሰላም። ፔሩ፣ ማኑ ብሔራዊ ፓርክ ጫካ ውስጥ ያለውን የፑሻሮ ዓለት የሚሰንድ ቡድን እየተዘጋጀ ነው። እስካሁን ባሉት ፎቶዎች አብዛኛው መስመር አይለይም። በጠመኔ ማድመቅና ዓለቱ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት በብሩሽ ማንሣት ይቻላል? ዕድሜውስ በካርቦን ይለካል?

ጥላና ብርሃን፦
ጠመኔ በፍጹም! ዱቄቱ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም የሚታየው የጥንቱ ቀራጭ መስመር ሳይሆን ጠመኔ የያዘው ሰው ግምት ነው። ሽበቱንም አትንኩት። ሥር መሰል ክሮቹ የአሸዋ ቅንጣት ይዘው ይነቀላሉ፤ ማንሣት ካስፈለገ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ይወስን።
መፍትሔው ብርሃን ነው። ሲመሽ ካሜራውን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) አቁማችሁ ፍላሹን ከካሜራው ነጥላችሁ ከጎን አብሩ፤ ከዓለቱ ገጽ ጋር ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ይራቅ። ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ ቢያንስ ከአራት አቅጣጫ ድገሙት፤ ብርሃኑ በሚሄድበት አቅጣጫ የተቆረጠ መስመር ጥላ ስለማይጥል ከአንድ ጎን ብቻ ከተነሣ ይጠፋል። የ10 ሴንቲ ሜትር መለኪያ ከጎኑ ይኑር፤ ዓለቱ ላይ ግን አይለጠፍ።

ሦስት ገጽ፦
ከብዙ ፎቶዎች በኮምፒውተር ለሚሠራ ባለ ሦስት አቅጣጫ (3D) ሞዴል ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የተስተካከለ ብርሃን ይፈልጋል። ካሜራው ላይ የተገጠመ ፍላሽ ጥላውን ከፎቶ ፎቶ ስለሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን ማዛመድ ያቅተዋል። ደመናማ ቀን ምረጡ። አንድ ቦታ ቆማችሁ አትዙሩ፤ ከዓለቱ ጋር ትይዩ እየተራመዳችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደራረብ። ከዚያ ከግራም ከቀኝም በ45 ዲግሪ ድገሙት። እርጥብ ዓለት ያብለጨልጫል፤ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሌንስ ላብ ካወጣ አብዛኛው ሥራ ይበላሻል፤ ካሜራው ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ባለበት ዝግ ቦርሳ ይቀመጥ፣ ከቀዝቃዛ ቦታ ሲወጣም ሙቀቱ እስኪስተካከል ቦርሳው አይከፈት።

የጫካ መንገድ፦
ካርቦን እዚህ አይሠራም፤ ድንጋይ ሲፈለፈል የሚለካ ካርቦን አይቀርም። ከሥሩ ተቆፍሮ የሚገኝ ከሰልም የእሳቱን ዕድሜ እንጂ የቅርጹን አይናገርም፤ ቅርጹን የሸፈነ አፈር ውስጥ ከተገኘ ግን ቅርጹ ከዚያ እንደሚቀድም ያሳያል።
ከዝናቡ ወራት (ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ገደማ) ውጭ ሂዱ፤ ዓለቱ አጠገብ ያለው ወንዝ ድንገት ይሞላል። የፓርኩን፣ የባህል ሚኒስቴሩንና የአካባቢውን ነባር ሕዝብ ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ። ማኑ ውስጥ ከውጭው ዓለም ተለይተው የሚኖሩ ሕዝቦች ስላሉ ተራ ጉንፋን እንኳ ሊፈጃቸው ይችላል፤ የታመመ ሰው አይግባ። የፑሻሮ መኖር ከ1921 ጀምሮ ይታወቃል፤ አዲስ ቅርጽ ካገኛችሁ ግን ፎቶው ውስጥ የተመዘገበውን የጂፒኤስ ነጥብ ሳታጠፉ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁት።