የእናቴን ሚስጥር ቁጥር ባለሱቁ ያውቀዋል፤ ከዚህ ጥናት ይወጣል?

የፍኖተ ሰላሙ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ማስተርስ ላይ ነኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ብር ሲልክላት ስልኳን ይዛ ሱቅ ትሄዳለች። ባለሱቁ ሚስጥር ቁጥሯን ራሱ ይመታና ብሩን ይሰጣታል። ባለፈው ጥቅምት 800 ብር ጎደለ። ማን እንደወሰደው እስካሁን አልታወቀም። "ለሰው አትንገሪ አላልኩሽም?" ብዬ ጮኽኩባት። "ታዲያ ማን ያንብብልኝ? አንተ እዚህ የለህ" አለችኝ። አፌን ያዝኩ።

ይህንን ላጥና ብል አማካሪዬ "እሱ ሶሺዮሎጂ ነው፤ አንተ ፋየርዎል (የኮምፒውተር መረብ መከላከያ) ላይ ሥራ" አለኝ። ከዚህ ነገር እንጀራ ይወጣል ወይስ ልተወው?

መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እንጀራውስ ይወጣል፤ ወጡ ግን ቀጠን ይላል። አን አዳምስና አንጄላ ሳሴ የተባሉ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ሆነው ያሳተሙትን ጥናት ፈልገህ አንብብ። ሠራተኞች ይለፍ ቃላቸውን ወረቀት ላይ የሚጽፉት ሰንፈው አይደለም። ብዙ ያዙ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ ሲባሉ ጭንቅላታቸው አልችል ብሎ ነው። የእናትህም ነገር ከዚህ አይርቅም። "ለማንም አትንገሩ" የሚለው ምክር ማንበብ ለሚችል፣ የግል ስልክ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሶፕስ (SOUPS) የሚባል ጉባኤ በየዓመቱ በዚሁ ጉዳይ ይሰበሰባል፤ ወረቀቶቹ በነጻ ይገኛሉ።

ለዶክትሬት ስታመለክት ዲፓርትመንቱን ሳይሆን ሰውየውን ፈልግ። አንዱ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሌላው ኮሙኒኬሽን ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ በሁለቱም ቤት እንግዳ ነህ። እዚያ "ኮዱ የታለ?" እዚህ "ንድፈ ሐሳቡ የታለ?" ትባላለህ።

ስልክ ጠጋኙ፣ ሞጣ፦
እኔ ምሁር አይደለሁም። ግን በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ሥራዬ ግማሹ ጥገና፣ ግማሹ ማንበብ ሆኗል። ቁጥራቸውን ብጣሽ ወረቀት ላይ አስጽፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚመጡ እናት አሉ። ፈትተው ይሰጡኛል፣ እመታላቸዋለሁ፣ መልሰው ይቋጥራሉ። ባሌ እንዳያይ የምትልም አለች፤ ስልኩ የቤቱ ሁሉ ነዋ! ስትመጣ መጠይቅ ይዘህ እንዳትመጣ። "ለሰው ነግረዋል?" ብትላቸው "ኧረ በፍጹም!" ነው የሚሉህ። በርጩማ እሰጥሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ እይ።

መምህሩ፦
ጠጋኙ የነገረህን ያዝ። ደግሞ ፈቃድ ሳትጠይቅ የእናትህን ነገር እንዳትጽፍ። ስም ብትቀይርም ሰፈሩ ባለሱቁን ያውቀዋል።

የፍኖተ ሰላሙ፦
ትናንት ማታ ደውዬ ጠየቅኳት። "ጻፍ፣ ግድ የለም። ልጁን ግን ሌባ ብለህ እንዳትጽፍብኝ፤ ነገ ማን ይመታልኛል?" አለችኝ። ጋሼ፣ የሞጣው ወንድሜም፣ እግዜር ይስጥልኝ። በርጩማውን አዘጋጅልኝ፤ ፈተና እንዳለቀ እመጣለሁ።