ሳንታ ካታሪና የማን ነበረች? ባለቤቱ ያልቀረበበት ፍርድ

ሕግ_አራተኛ_ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። የባህር ሕግ ኮርስ ላይ ሳንታ ካታሪና የምትባል የፖርቹጋል መርከብ ጉዳይ ለአሳይመንት ደርሶኛል። ሆላንዶች በ1603 (በፈረንጆች) ሲንጋፖር አጠገብ ያዟት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1604 ደግሞ የአምስተርዳም አድሚራልቲ (የባህር ጉዳይ ፍርድ ቤት) «ሕጋዊ ምርኮ ናት» ብሎ ወሰነ። ግራ የገባኝ ይሄ ነው። የያዛት ሆላንዳዊ፣ ከሳሹ ሆላንዳዊ፣ ዳኛውም ሆላንዳዊ። ፖርቹጋሎቹ ቀርበው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ይሄ ክርክር ይባላል? መምህራችን ስለ ሆላንዳዊው የሕግ ሊቅ ግሮሺየስ ብዙ አወሩ፤ ስለ መርከቧ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። የምታውቁ እባካችሁ።

ቡና_በጠዋት

ከሳሽም እነሱ ዳኛም እነሱ። ማህተም ያለው ዝርፊያ ነው፣ በቃ። ምን ይጠየቃል?

የምፅዋው

ልጄ፣ እኔ ሕግ አልተማርኩም። ጉልበቴን የጨረስኩት ምፅዋ፣ ባህር ኃይል ውስጥ ነው። አሁን ሮተርዳም ጡረታ ላይ ነኝ። እዚህ አገር መርከቧን በያዛት ሰው፣ በሄምስከርክ ስም የተሰየመ መንገድ አይጠፋም፣ ስለዚህ ታሪኩን ሳልፈልግም አንብቤዋለሁ።

ከባህሩ ልጀምርልሽ። ያኮብ ቫን ሄምስከርክ የዋዛ ሰው አይደለም። በ1596 ከአሳሹ ባሬንትስ ጋር በሰሜን በኩል የእስያን መንገድ ሲፈልግ መርከባቸው በረዶ ውስጥ ተቀርቅራ ከሩሲያ በስተሰሜን ባለችው ኖቫያ ዜምልያ ላይ የከረመ ነው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1603 ጎህ ሲቀድ፣ ከጆሆር ወንዝ አፍ አካባቢ ሳንታ ካታሪናን መልህቋን ጥላ አገኛት። ቻይና ጠረፍ ላይ ካለችው ከማካዎ በዛሬዋ ማሌዥያ ወዳለችው ወደ ማላካ እየሄደች ነበር፤ ሁለቱም ያኔ የፖርቹጋሎች ናቸው። ሴትና ሕጻን ሳይቀር ከ700 በላይ ሰው ተሳፍሮባታል። ግዙፍ ናት፣ ግን ሰውና ጭነት አፍኗታል። እንደዚያ የታጨቀች መርከብ ላይ መድፍ መተኮስ ቀርቶ መዞርም መከራ ነው።

አሁን ልብ በይ። ሄምስከርክ ተኳሾቹን ያዘዘው ሸራዋን እንዲመቱ ነው። ጎኗን ከበሷት ዕቃው ባህር ይገባላ! ይሄን እኔ አልጨመርኩም፤ ለላኩት ነጋዴዎች በጻፈው ደብዳቤ ራሱ ብሎታል። ከሆላንዱ መሪ ከልዑል ማውሪትስ የተሰጠው ፈቃድ ደግሞ ኃይል እንዲጠቀም የሚፈቅድለት ራሱን ለመከላከልና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ ለመውሰድ ነበር። ለነፍሱ የሚታገል ሰው እየመረጠ ሸራ አይመታም። እኔ ዳኛ ብሆን የምጠይቀው ይሄን ነበር።

ማምሻውን ፖርቹጋሎቹ እጅ ሰጡ። ሰዎቹ በሕይወት ተለቀው ማላካ ገቡ፤ የማላካ ሹማምንት ስለዚህ ለሄምስከርክ የምስጋና ደብዳቤ ጽፈዋል። ጉድ እኮ ነው! ደብዳቤውን ሆላንዶች በኋላ ለራሳቸው ማስረጃ አደረጉት። ጭነቱ ሐር፣ የቻይና ሸክላ፣ ስኳር፣ ምስክ (ሽቶ መሥሪያ)። አምስተርዳም ላይ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) በላይ አወጣ። የሆላንድ ምስራቅ ህንድ ኩባንያ በ1602 ሲቋቋም ጠቅላላ ካፒታሉ 6.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አስቢው፣ የአንድ መርከብ ዕቃ ነው።

ጠበቃ_ከሳሪስ

ጋሼ ያሉት ስለ ሸራው ደስ ይላል። ግን «ዳኛውም የእነሱ ነው» የሚለውን ላስተካክል። የምርኮ ፍርድ ቤት ድሮም የሚቆመው በማራኪው አገር ነው። እንግሊዞችም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ያለ ፍርድ የተሸጠ ዕቃ ገዢው እጅ ላይ ጣጣ ነው፤ ፍርዱ የሚያስፈልገው ባለቤትነቱ ንጹህ እንዲሆን ነው። ለዚህም «መብት አለኝ የሚል ይቅረብ» የሚል የአደባባይ ጥሪ ወጥቷል። ማንም አልመጣም። እንዴትስ ይመጣል? ፖርቹጋል ከ1580 ጀምሮ በስፔን ንጉሥ ሥር ናት፣ ሆላንድ ደግሞ ከስፔን ጋር ጦርነት ላይ። የማካዎ ነጋዴ ጠላት ከተማ ድረስ ተጉዞ «ሐሬን መልሱ» ሊል ነው?

ስለዚህ በሥነ ሥርዓት ደረጃ በሌለበት የተወሰነ ጉዳይ ነው። አመልካቾቹ ሦስት ናቸው፦ የአድሚራልቲው ዐቃቤ ሕግ፣ ሄምስከርክን የላከው የነጋዴዎች ማኅበር ዳይሬክተሮችና ሄምስከርክ ራሱ። ተቃራኒ ወገን ስላልነበረ ፈቃዱ ምን ድረስ ይሄዳል የሚለውን አጥብቆ የጠየቀ የለም። አሳይመንትሽን እዚህ ላይ ብታደርጊው ጥሩ ነው።

ሕግ_አራተኛ_ዓመት

ጋሼ፣ ጠበቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እና ግሮሺየስ ታዲያ ምን ሰራ? ፍርዱ ካለቀ በኋላ ለምን መጽሐፍ አስፈለገ?

ጠበቃ_ከሳሪስ

ፍርድ ቤቱን ቢያሸንፉም ሰውን አላሳመኑም። ከኩባንያው ባለአክሲዮኖች መካከል ሜኖናይቶች የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እምነታቸው ጦርነት አይፈቅድም። አንዳንዶቹ ከዚህ ምርኮ የሚገኝ ትርፍ አንነካም አሉ። ኩባንያው ያኔ ገና 21 ዓመቱ ወደነበረው ግሮሺየስ ዞረ። እሱም ማኅበሩ የግል ቢሆንም ጦርነቱ ፍትሐዊ ነው ብሎ ረጅም ጽሑፍ አዘጋጀ። በ1601 ማካዎ ላይ የተገደሉትን 17 የሆላንድ መርከበኞች ጭምር ቆጥሯል። ግን በሕይወቱ ያሳተመው አንዱን ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በ1609 ስሙን ሳይጽፍ «ነጻ ባህር» ብሎ። ባህር የማንም ንብረት አይደለም የሚለው ክርክር ከዚያ ነው የሚጠቀሰው። ዛሬ የ1982ቱ የባህር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 90 የባህር በር የሌለው አገርም በክፍት ባህር ላይ በሰንደቁ መርከብ የማንቀሳቀስ መብት አለው ይላል። ለእኛ አገር ልጅ ይሄ ተራ ነገር አይደለም። ዋናው የምርኮ ጽሑፍ ግን እስከ 1864 ድረስ ተደብቆ ቆይቶ 1868 ላይ ታተመ።

ቡና_በጠዋት

እሺ፣ መጀመሪያ ዘረፉ፣ ከዚያ ፈረዱ፣ ከዚያ ፍልስፍናውን ጻፉ። ተራው ተገልብጦ እንጂ!

የምፅዋው

ቡና፣ የሚያስቀውን አልሰማህም። ሆላንዶቹ የቅመም ደሴቶቹን ከያዙ በኋላ እንግሊዞችን «እዚህ አትነግዱም፣ ውል አለን» አሉ። በ1613 ለንደን ላይ ድርድር ተደረገ። ለሆላንድ ሊከራከር ከተላኩት አንዱ ማን ነበር? ግሮሺየስ! እንግሊዞቹም «ነጻ ባህር»ን እየጠቀሱ ተከራከሩት።