ላሜራው ተራቁቶ አደረ (ፔጆ 404፣ ሐረር)

የጁገል ልጅ፦ የአባቴ 404 ናት፤ እዚሁ ሐረር ታክሲ ስትሠራ አረጀች። ኮፈኑንና ሁለቱን የፊት ፓራፋንጎ እስከ ላሜራው ገፈፍኳቸው። ግራው ፓራፋንጎ ላይ ጣት የሚያህል ስቱኮ (ጎድጓዳ የሚሞላበት ልጥፍ) ወጣ፤ የማን ሥራ እንደሆነ አላህ ይወቀው። ሐሙስ ማታ የሚያበራ ብረት ትቼ ሄድኩ። ቅዳሜ ስመለስ ኮፈኑ ላይ የአምስቱ ጣቶቼ አሻራ በዝገት ተጽፎ ጠበቀኝ። ቀለም ቀቢው «ችግር የለውም፣ ስቱኮ ይሸፍነዋል፣ ከላይ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ እንረጫለን» ይላል። ልመነው?

ከዚራ ጋራዥ፦ አቦ፣ እንዳታምነው! ስቱኮ ውኃ ይጠጣል። ዝገቱ ከሥር እየበላ ይቆይና በክረምት ቀለሙን አሳብጦ ይወጣል። ያ አሻራ የላብህ ጨው ነው። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንደገና ፈትገው፤ ፍሌክስ (የሚሽከረከረውን መፈተጊያ ማሽን) አንድ ቦታ ላይ አታቁምበት፣ ላሜራው ግሎ ይጣመማል። ፈረንሳዮች 404 አውቶሞቢሉን መሥራት ያቆሙት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ ኮፈን ከየት ታመጣለህ?

ከዚያ ጓንት አድርግ። ቅባት ማስለቀቂያውን በአንድ ጨርቅ ቀብተህ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። በቤንዚን እንዳትሞክር፣ ቅባቱን ይተውብሃል። በዚያው ቀን ሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚገባውን ሽፋን፣ እርጭ። ስቱኮው የሚመጣው ኢፖክሲው ደርቆ በወረቀት ከተሻሸ በኋላ ነው። እኔ አንዴ አሲድ ባለው ፕራይመር ላይ ስቱኮ ለጥፌ በሦስት ወሩ እንደ ቂጣ ተላቆ ወደቀ፤ የደንበኛው ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ሳቢያን፦ ኢፖክሲ ውድ ነው እኮ። እኔ በተራ አንቲረስት ቀብቼ አንድም ነገር አልሆነም።

ከዚራ ጋራዥ፦ የአጥር በር ከሆነ እሺ። መኪና ላይ ግን ናይትሮ ቀለም ስትረጭበት ቲነሩ አንቲረስቱን ያኮማትረዋል፣ እንደ አሮጊት እጅ።

የጁገል ልጅ፦ የፊት መብራቱ ዙሪያ ግን ዝገቱ ጉድጓድ ሠርቷል፣ የቡና አተላ የመሰለ። ይኼስ?

ከዚራ ጋራዥ፦ በወስፌ ጫረው። ካልበሳ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ፎስፎሪክ አሲድ ቀባው፤ አሲዱን ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው አጥበህ በደንብ ካላደረቅክ ኢፖክሲው አይዝም። ከበሳ ቆርጠህ አዲስ ላሜራ አስበይደው። ለቀለም መርጫው አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ደግሞ ከሥር አፍስስ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፀሐይም ተጠንቀቅ። እኛ ድሬ በቀትር ከረጨን ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳያርፍ ዱቄት ይሆናል፤ እኔ ከሱብሒ በኋላ ጀምሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው የምጨርሰው። ሐረር ቀዝቀዝ ይላል፣ ቢሆንም በጠዋት ይሻልሃል።

የጁገል ልጅ፦ በወስፌ ጫርኩት፣ ግራው በስቷል። በያጁ ማክሰኞ ይመጣል። ኮፈኑን ግን ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ፤ ጓንት ከፋርማሲ ገዝቻለሁ። ቀለም ቀቢው አኩርፏል።