በቤት በሚቀመም የቬፕ ፈሳሽ ውስጥ የስቴቪያ ጠብታ መጨመር ይቻላል ወይ?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት ካጨስኩ በኋላ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ሲጋራውን ትቼ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) መጠቀም ጀምሬአለሁ። መሣሪያውንና ንጥረ ነገሮቹን ያመጣልኝ ከውጭ የመጣ የአክስቴ ልጅ ሲሆን፣ ፈሳሹን የምቀምመው እኔው ራሴ ነኝ፤ ሰባ እጅ ግሊሰሪን፣ ሠላሳ እጅ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ጥቂት የእንጆሪ ቃና፣ ኒኮቲኑ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር 6 ሚሊ ግራም እንዲሆን አድርጌ ነው። የእንጆሪው ቃና ጣፋጭነት ስለጎደለው፣ ስኳር ያለባት እናቴ ለሻይዋ ከምትጠቀምበት የስቴቪያ (ከቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ) ጠብታ ወስጄ በ30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ላይ 12 ጠብታ ጨመርኩበት። ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ተጠቀምኩ። በአራተኛው ቀን ግን ኮይሉ (ፈሳሹን የሚያግለው ሽቦ) ጠቁሮ ፈሳሹን የሚመጠው ጥጥ ያረረ ሽሮ መሽተት ጀመረ፤ በተጨማሪም ስስበው ቱስ ቱስ እያለ ትኩስ ጠብታ ወደ ምላሴ ይረጫል፤ ጉሮሮዬንም ከርክሮ ያስለኛል። አዲስ ኮይል ብቀይርም ያው ሆነ። ጥፋቱ የስቴቪያው ነው ወይስ የመጠኑ? ለምግብ የተፈቀደ ነገር ስለሆነ ጉዳት አይኖረውም ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ቀማሚው፦

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። እኔ ውጭ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ለራሴ ብዙ ቀምሜአለሁ፤ ስቴቪያንም ሱክራሎዝ የሚባለውን ሌላ ማጣፈጫም ሞክሬ ሁለቱም ኮይል ገዳይ መሆናቸውን አይቻለሁ። ውኃ መሰል የሆነ ፈሳሽ ሃያ ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚሆን፣ የእርስዎ 12 ጠብታ 0.6 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከጠርሙሱ ሁለት በመቶ ነው፤ ይህ ብዙ ነው። ከግማሽ በመቶ በታች ቢያወርዱት ኮይሉ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆይልዎታል። ደግሞም የጠብታ መጠን ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ስለሚለያይ በጠብታ መቁጠሩን ይተዉና በትንሽ ሚዛን ይመዝኑ። ብዙ ቀማሚዎች ለጣፋጭነት የሚመርጡት ኢታይል ማልቶልን ነው፤ እሱ ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ስለሚወጣ ኮይሉ ላይ ያን ያህል አይጋገርም። ሲበዛ ግን የሌሎቹን ቃናዎች ድምፅ ያጠፋል።

የኬሚስትሪ መምህር (ስድስት ኪሎ)፦

ቀማሚው ስለ ኮይሉ የተናገሩት ትክክል ነው፤ «መጠኑን ብቻ ቀንስ» በሚለው ግን አልስማማም፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

የቬፕ መሣሪያ የሚሠራው ፈሳሹን በማትነን ነው። የፕሮፒሊን ግላይኮል ሞለኪውላዊ ክብደት 76፣ የግሊሰሪን ደግሞ 92 ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ188፣ ሁለተኛው በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ። ለስቴቪያ ቅጠል ጣፋጭነት የሚሰጡት ዋነኞቹ ውሁዶች ስቴቪዮሳይድና ሬባውዲዮሳይድ ኤ ይባላሉ፤ ክብደታቸው በቅደም ተከተል 805 እና 967 ገደማ ነው። ይህን ያህል የከበደ ሞለኪውል አይተንም። ፈሳሹ ዙሪያውን ተንኖ ሲያልቅ እሱ ሽቦው ላይ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ስበት ተጨማሪ ይደረብበታል፤ ከዚያም ያርራል። ስለዚህ በየቀኑ ኮይልዎ ላይ የሚያዩት ጥቁር ቅርፊት እንደ ምጣድ ላይ ቅሪት ያለ ነገር ነው፤ ምጣዱን ግን አስሰን እንወለውለዋለን፤ ኮይሉን ማንም አያስስም። ከእንፋሎቱ ጋር ተረጭተው የሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ጥቂት ስቴቪያ ይዘው ከንፈርና ምላስ ላይ ስለሚያርፉ ነው ጣፋጭነቱ የተሰማዎ፤ አብዛኛው ግን ሽቦው ላይ ቀርቷል።

ሁለቱ ውሁዶች ስቴቪዮል በሚባል አካል ላይ የተንጠለጠሉ የግሉኮስ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ስቴቪዮሳይድ ሦስት፣ ሬባውዲዮሳይድ ኤ አራት ግሉኮስ ይዟል። ስቴቪያ «ስኳር የለውም» ሲባል የገበታ ስኳር የለውም ለማለት እንጂ የስኳር ወገን የለበትም ማለት አይደለም። የስኳር ወገን የሆነ ነገር በደረቅ ሽቦ ላይ ሲያርር ፉርፉራልንና ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ ጉሮሮ የሚከረክሩ አልዲሃይዶች ይፈጠራሉ። ቅርፊቱ የጥጡን ቀዳዳ ሲደፍነው ደግሞ ፈሳሹ በበቂ ስለማይደርስ ሽቦው ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያኔ ግሊሰሪኑ ራሱ ተሰብሮ አክሮሊን ይሆናል፤ ዘይት ሲቃጠል ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ ዋነኛ መንስኤ ይኸው ነው።

ቱስ ቱስ ስለሚለው፣ ጠብታው ውኃ ሳይኖርበት አይቀርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በዙሪያው ያለው ግሊሰሪን ገና ሳይተን ውኃው በድንገት እየፈላ ይፈነዳል፤ የትኩሱ ጠብታ ምንጭም ይኼ ነው።

ጠያቂ፦

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ጠርሙሱን አገላብጬ አነበብኩት፤ ውኃ፣ ግሊሰሪን፣ የስቴቪያ ቅጠል ጭማቂ፣ «ተፈጥሯዊ ቃና» እና ፖታሲየም ሶርቤት ይላል። የስቴቪያው መጠን አልተጻፈበትም። አንድ ነገር ግን ገና ግራ እየገባኝ ነው፤ እናቴ በየቀኑ የምትጠጣው ነገር ለእኔ እንዴት ጎጂ ይሆናል?

ፋርማሲስት (ቸርችል ጎዳና አካባቢ)፦

ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ደንበኞቼም በሌላ በሌላ መልኩ ያነሡታል። እናትዎ ስቴቪያውን ሲጠጡ ውሁዱ እንዳለ ወደ ደም አይገባም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ግሉኮሶቹን ቆርጠው ይወስዳሉ፤ የቀረው ስቴቪዮል ወደ ጉበት ሄዶ ከሌላ ውሁድ ጋር ይጣመራል፤ በሽንትም ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የምግብ ተጨማሪዎች ባለሙያዎች ኮሚቴ በ2008 እ.ኤ.አ. በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 4 ሚሊ ግራም፣ በስቴቪዮል ሲሰላ፣ ጉዳት የለውም ብሎ የወሰነው ይህንኑ መንገድ መርምሮ ነው። ሳንባ ውስጥ እንደዚያ ያለ የአንጀት ሥራ የለም፤ ተሰብሮ ያረረው ደግሞ ከመጀመሪያው ሌላ ነገር ሆኗል። ከስቴቪያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ተፈጥሯዊ ቃና» የሚለው ቃል ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርምና።

«ለሆድ ደህና ነው» የሚለው እምነት ሰው የጎዳበትን አንድ አጋጣሚ ልጥቀስ። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከቬፕ ጋር የተያያዘ የሳንባ ጉዳት በተከሰተ ጊዜ፣ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፤ የሞቱት 68 ነበሩ። ከጉዳቱ ጋር በጠንካራ ሁኔታ የተያያዘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር፤ በእንክብል ሲዋጥና በቆዳ ላይ ሲቀባ የማይጎዳ ነገር ነው። የእርስዎ ፈሳሽ እሱ አለበት ማለቴ አይደለም፤ የሚዋጥና የሚተነፈስ አንድ አይደሉም ማለቴ ነው።

ለቀማሚው ደግሞ፣ ኢታይል ማልቶል ኮይሉን ቢያድንም እሱም ለምግብ የተፈቀደ ቃና ነው፤ ሳንባን በተመለከተ ከስቴቪያው የተለየ ማረጋገጫ የለውም። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም አልመክርም። ሳልዎ ስቴቪያውን ካቆሙ በኋላ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም የትንፋሽ ማጠር ወይም ትኩሳት ካለዎ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ቬፕ መጠቀምዎንም ሳይደብቁ ይንገሩ።

አንድ ተሳታፊ፦

በስቴቪያው ፈንታ ማር ቢጠቀምስ? የተፈጥሮ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦

እባክዎ አያድርጉት። ማር አብዛኛው ስኳር ነው፤ ከስቴቪያው በባሰ ፍጥነት ያርራል። በአጠቃላይ ማር፣ ስኳር፣ ሽሮፕና ማንኛውም ዘይት፣ የቅመማ ቅመም ዘይትም ቢሆን፣ ከኮይል አጠገብ መድረስ የለባቸውም። ዘይቱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል።

የሕግ ባለሙያ፦

ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ነገር ላስታውስ። በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥን ይከለክላል። የቀመሙትን ለጓደኛ በገንዘብ መስጠት የሚያስቡ ካሉ ይህን ይወቁ። እዚህ የምትለዋወጡትን ንጥረ ነገር ምንነት የሚመረምር አካል የሌለውም ገበያው ሕጋዊ ስላልሆነ ነው።

ጠያቂ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ፈሳሹን ደፍቼ ያለ ማጣፈጫ ቀመምኩ፤ ኒኮቲኑንም ወደ 3 ሚሊ ግራም አወረድኩት። ኮይሉ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሽታውም የለም፤ ቱስ ቱስ ማለቱም ቀርቷል። ሳሉ ቀንሷል እንጂ ጨርሶ አልተወኝም። ጣዕሙ መጀመሪያ ላይ አፌን ቢያሳፍረውም ለመድኩት። አሁን የቀረኝን ንጥረ ነገር ሁሉ ወጥ ቤት ባለው የቅመም መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ፋርማሲስት፦

ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያሉት? ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ገና ያልቀጠነ ኒኮቲን በሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም ነው? እናትዎስ ስቴቪያቸውን የሚያስቀምጡት የት ነው?

ጠያቂ፦

በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ነው። እናቴም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ሁለቱም ቡናማ ጠርሙሶች ናቸው፤ ሁለቱም ጠብታ መጣያ አላቸው። አሁን ገባኝ።

ፋርማሲስት፦

አዎ። አንድ ሲጋራ ለአጫሹ የሚያደርሰው ኒኮቲን 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ የእርስዎ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አንድ ጠብታ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። እናትዎ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ሻያቸው ላይ አራት አምስት ጠብታ ቢጥሉስ? እስከ ነገ አይጠብቁ፤ ዛሬ ማታውኑ የኒኮቲኑን ጠርሙስ ከወጥ ቤት አውጥተው በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ያስገቡት፤ ላዩ ላይም በአማርኛ «መርዝ» ብለው በትልቁ ይጻፉበት። ሲያንቀሳቅሱት ጓንት ያድርጉ፤ ኒኮቲን በቆዳም ይገባል።

ጠያቂ፦

አሁን አውጥቼ ልብስ ማስቀመጫዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። እናቴ «ምን ደብቀህ ነው?» ብላኛለች፤ ነገርኳት።