ግራንድ ቪታራዬ ዳገት አልወጣም አለች፤ መካኒኩ «ካታላይዘሩን ቆርጠን እናውጣው» ይላል

ማርቆሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 2003 ሞዴል ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ናት፤ ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን፣ ማንዋል፣ ከአውሮፓ የገባች። 240 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳለች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን በወር ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት አለብኝ ማለት ነው።

ከሁለት ወር ወዲህ ጉልበቷ እየሞተ መጣ። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን ዳገት አሁን በአንደኛ እያቃሰተች ነው። ቤንዚን ስሰጣት ድምፁ ይጨምራል እንጂ መኪናዋ ፈቀቅ አትልም፤ አፍንጫዋን ይዘው ያፈኗት ይመስላል። ከ3000 ዙር በላይ ንቅንቅ የለም። ረጅም መንገድ ስሄድ ከወለሉ ሥር የመቃጠል፣ አንዳንዴም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል። የቼክ ኢንጂን መብራቱም በርቷል። እዚህ ያለ አንድ ጋራዥ በስካነር አይቶ «ፒ0420 ነው፣ ካታላይዘሩ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ሞቷል። ቆርጠን እናውጣውና ቀጥ ያለ ቱቦ እንበይድልህ፤ መኪናህ ትበራለች፣ ቤንዚንም ትቆጥባለህ» አለኝ። ስንት ታስከፍለኛለህ ስለው ደግሞ «የእጅ አልጠይቅህም፣ አሮጌውን ብቻ ተውልኝ» አለ። ይሄ ነገር ጠርጠር አደረገኝ። ላስወጣው ወይስ ይቅር?

የሶማሌ ተራ ልጅ

ሳቄን አመጣኸው ወንድሜ። ሰውየው «የእጅ አልጠይቅም» ያለው ለነፍሱ ብሎ መሰለህ? እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ሴራሚክ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ነው። መጠኑ ጥቂት ግራም ቢሆንም ፈላጊው ብዙ ነው። ብታስወጣው እንኳ አሮጌውን ይዘህ ውጣ።

በተረፈ እኔ አስወጣው ባይ ነኝ። ያለሱ የሚሄድ ስንት ቪታራ አውቃለሁ። ደግሞ የእኛ አገር ቤንዚን እርሳስ ስላለበት አዲስ ብትገጥምም በስድስት ወር ይገድልብሃል።

ጋሽ ቴስታታ

የእርሳሱ ወሬ ጊዜው አልፎበታል ልጄ። እርሳስ ያለው ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ቀርቷል። በዓለም ላይ መጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ እሷም በ2021 ተወችው። ድኝ የበዛበት ቤንዚን ሥራውን ያዳክመዋል እንጂ አይደፍነውም። ያን የእንቁላል ሽታ የሚያመጣውም ድኙ ነው።

ማርቆሴ፣ መኪናህ መታመሟን አምኛለሁ። ነገር ግን ፒ0420 ማለት ታፍኗል ማለት አይደለም። ከካታላይዘሩ በፊትና በኋላ ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች አሉ። የኋለኛው ንባብ እንደ ፊተኛው መወዛወዝ ሲጀምር ኮምፒውተሩ «ይሄ ነገር ሥራ አቁሟል» ብሎ ይመዘግባል፤ ኮዱ የሚለው ይህን ብቻ ነው። ሴንሰሮቹ አጠገብ የጭስ ቱቦው ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ያረጀ ሴንሰርም ያንኑ ኮድ ያመጣል። መታፈንን በጌጅ ለክተህ ነው የምታውቀው።

ሌላው፣ ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ሩብ የሚሆን ጉልበቱን በአየሩ መሳሳት ብቻ ያጣል። ስለዚህ «ደከመች» ስላልከኝ አልፈርድም። አንድ ነገር ንገረኝ፤ ታች ዓባይ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ይሻላታል ወይስ ያው ናት? ጤነኛ ሞተር እዚያ ቆላ ውስጥ ነፍስ ይዘራል።

ማርቆሴ

ጋሼ ምንም አይሻላትም፣ እንዲያውም ይብስባታል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ስወጣ የተጫነ ሲኖትራክ ሳይቀር ጥሩምባ እየነፋብኝ ያልፈኛል።

ጋሽ ቴስታታ

እንግዲያው ከፍታው አይደለም። ወደ ልኬቱ እንሂድ።

ቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ) ከሰው ተዋስ። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ቱቦ) በሚወጣ ቀጭን ጎማ ላይ ሰክተህ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳትሰጣት) አንብብ። መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይልሃል፣ ግን ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። በየ300 ሜትር ከፍታው አንድ ኢንች ያህል ቀንስለት። ደብረ ማርቆስ ላይ ከ9 እስከ 13 ካነበብክ ጤነኛ ነው። ይህን ሂሳብ ሳያውቁ ስንት ደህና ሞተር ፈትተው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) እንዳወረዱ ብነግርህ ታዝናለህ፤ ቅጽል ስሜም የመጣው ከዚያ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

ከዚያ ዙሩን 2500 ላይ አድርገህ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያዘው። መርፌው ዝቅ ብሎ ተመልሶ ከረጋ ጭሱ መንገድ አለው። ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ግን ጭሱ መውጫ አጥቷል።

ለማረጋገጥ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር በ22 ቁልፍ ፍታ። ጥርሱ 18 ሚሊ ነው፤ ቶርኔሪ ቤት በልኩ ማገናኛ አሠርተህ የግፊት ጌጅ ግጠምበት። በሚኒሞ ከ1.5 ፒ ኤስ አይ፣ በ2500 ዙር ከ3 ከበለጠ መንገዱ ተዘግቷል። የግፊት ጌጅ ካጣህ ደግሞ ቀዳዳውን ክፍት ትተህ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ንዳት። ድምፁ ጎረቤት ያስወጣል፣ የሚወጣው እሳት ስለሆነም አጠገቡ ያለውን ሽቦ አርቀህ እሰር። ጉልበቷ ከተመለሰ መልሱን አገኘህ።

የቪታራዋ እመቤት

እኔ ያስወጣሁ ሰው ስለሆንኩ የደረሰብኝን ልንገርህ። የድሮዋ ባለ 1.6 ቪታራ ነበረችኝ፣ ለመስክ ሥራ። የኔም መካኒክ «ትበራለች» ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት እውነትም በረረች፤ ታፍና የነበረች መኪና ስትተነፍስ ለምን አትበር? ቤንዚኑ ግን ከድሮው ጤነኛ ጊዜዋ አንድ ሊትር አልቀነሰም። ከወር በኋላ ብየዳው ተሰነጠቀ። የኋላ በሯ ጎማም ያረጀ ስለነበር ጭሱ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ «እማዬ ራሴን» ስትል መኪና ያዞራት መስሎኝ ሎሚ አሸትታት ነበር! ለካ ጭሱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ እንደሌለው ያነበብኩት፤ የሚሸተን ሌላው ነው። እስኪጠገን ድረስ ብርድም ቢሆን መስኮት ከፍተን ነበር የምንሄደው።

ዓባይ ማዶ

ከርዕስ ወጣሁ እንዳትሉኝ፣ እኔ ላንድክሩዘር አለኝ፣ ባለ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሥሯ ገብቼ ካታላይዘሩን ብፈልገው አጣሁት። ሰርቀውኝ ይሆን?

ጋሽ ቴስታታ

ከሥሯ ውጣ። እኛ አገር ባለው 1ኤችዜድ ላይ የለም።

ከቨርጂኒያ

እኔ ያለሁት ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ የ1999 ቶዮታ ፎርራነር እነዳለሁ። እዚህ አገር ካታላይዘር ማውጣት በፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ፈቃድ ያለው ጋራዥ እንዲህ ያለ ሥራ አይነካልህም። በእኛ አካባቢ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። መኪናዬ ዕድሜዋ ከዚያ ምርመራ ቢያስወጣትም ካታላይዘሩን የማስወጣት ፈቃድ አይሰጠኝም። በተቃራኒው ሌባው በሌሊት በመጋዝ ቆርጦ ይወስደዋል፤ ባለቤቱ ጠዋት ሞተር ሲያስነሳ እንደ አውሮፕላን ሲጮህበት ነው የሚያውቀው።

ማርቆሴን የአሜሪካ ሕግ አይመለከተውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ ዕቃ 300 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሥራ ይጀምርና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ወደ ተራ ናይትሮጅን ይቀይራል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ዘይትም አይፈልግም። ታዲያ ምን ገደለው? ወይ ያልተቃጠለ ቤንዚን ገብቶበት ቀልጧል፣ ወይ የፒስተን ፋሻ አልቆ ዘይት ገብቶበታል፣ ወይ በተበላሸ የቴስታታ ጓርኒሲዮን የራዲያተር ውሃ አልፎበታል፣ አለዚያም ድንጋይ መቶት ተሰባብሯል። ገዳዩን ሳታገኝ ቱቦ ብትበይድም አዲስ ብትገጥምም ሞተርህ እንደታመመ ይቀጥላል።

ጋሽ ቴስታታ

ቨርጂኒያው ልክ ነው። ማርቆሴ፣ ሳትፈታው በፊት ቀዝቃዛ ሳለ በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታው። እንደ ጸናጽል ከተንሿሿ ውስጡ ተሰባብሯል። ካንዴላዎቹንም አራቱንም አውጥተህ በተራቸው ደርድራቸው፣ የትኛው ከየት እንደወጣ እንዳይምታታብህ።

ማርቆሴ

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ፤ ይቅርታ፣ ጌጁን ያገኘሁት በስንት ልመና ነው።

በሚኒሞ 11 አነበብኩ፣ ጋሼ እንዳሉት። 2500 ላይ ስይዘው መጀመሪያ 10 ነበር፣ ከዚያ እየወረደ እየወረደ 5 ላይ ደረሰ። ሴንሰሩን አውጥቼ ግፊቱን ስለካ በሚኒሞ 3፣ በ2500 ዙር 7 ፒ ኤስ አይ። ቀዳዳውን ከፍቼ ስነዳት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ እንጂ ዳገቷን በሦስተኛ ጨረሰቻት!

ካንዴላዎቹን ሳወጣ ሦስቱ ቡናማ ናቸው፣ የሦስተኛው ሲሊንደር ግን ጥቁርና በቤንዚን የራሰ ነበር። ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ቦቢና ተሰንጥቋል። አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ከሁለት ወር በፊት የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። መኪናዋም ትንቀጠቀጥ ነበር። «በዓሉ ይለፍና አሳያታለሁ» ብዬ እንደዚያው አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ጋሽ ቴስታታ

በቃ እሱ ነው። መብራቱ ዝም ብሎ ሲበራ «አሳየኝ» ነው፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን «ቀስ ብለህ ቁም» ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ያላቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ተቃጥሏል። የመቃጠል ሽታው ከዚያ ነው የመጣው። ደግነቱ ደረቅ ሣር ወይም የጤፍ ገለባ ላይ አላቆምካትም፤ አውድማ ያቃጠለ መኪና አይቻለሁ።

ስታወጣው ሞተሩ ሙሉ ሌሊት ቀዝቅዞ ይደር። ቡሎኖቹን ማታ ዝገት ማላቀቂያ አርከፍክፍባቸው፤ አስገድደህ ከፈታህ ይቆረጡብሃል። አሮጌውን በፌሮ ወግተህ ባዶ አታድርገው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው፤ ከነካኸውም አፍህን ሸፍን፣ ግቢ ውስጥ ልጆች አጠገብ አይሁን።

የሶማሌ ተራ ልጅ

እርሳሱን ተሸንፌያለሁ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ።

ማርቆሴ፣ ዋጋ አልነግርህም፤ ዛሬ የነገርኩህ ነገ ይቀየራል። መኪና ከውጭ መግባት ከጠበበ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዕቃ ሁሉ ነፍስ ዘርቷል። ያገለገለ ስትገዛ ግን እንዲህ አድርግ። በአንዱ በኩል የእጅ ባትሪ አብራበት፣ በሌላው በኩል እይ። የማር እንጀራ ቀፎ የመሰለው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ነቅንቀው፤ ድምፅ ካለው መልስ። ጥቁር ቅባት ካለበት ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ የነበረ ነው፣ ተወው። ሲነሣ ከቀለለህ ደግሞ ውስጡን አውጥተው የሸጡት ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰውም አለ። ከተጋጨች ተመሳሳይ ቪታራ የወጣ ብታገኝ ፍላንጃው (ቡሎኑ የሚታሰርበት ጠርዝ) ልኩ ስለሚሆን ብየዳ አትፈልግም።

ማርቆሴ

አንድ ጓደኛዬ «ከኋለኛው ሴንሰር ሥር ትንሽ ማራዘሚያ አስገባበትና መብራቱን አጥፋው፣ ካታላይዘር ምን ያደርግልሃል» ይላል። እሱስ?

የቪታራዋ እመቤት

መብራቱ ብልጭ እያለ ሲነግርህ አልሰማኸውም፤ ጭራሽ ልታታልለው?

ማርቆሴ

ተቀጣሁ።

ማርቆሴ

የመጨረሻ ወሬ። መጀመሪያ ቦቢናውንና አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ። ከዚያ ካታላይዘሩን አወረድነው፤ ከሦስቱ ቡሎን አንዱ ተቆረጠና ግማሽ ቀን በላን። በባትሪ ሳየው የፊተኛው ገጹ እንደ ሻማ ቀልጦ ተደፍኗል፣ ብርሃን የሚያሳልፈው በአንድ ጥግ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከተጋጨች ግራንድ ቪታራ የወጣ አግኝቼ የሶማሌ ተራው ልጅ እንዳለው አብርቼ፣ ነቅንቄ፣ መዝኜ ገዛሁት። ጓርኒሲዮኖቹን አዲስ አደረግኩ።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ኮዱ አልተመለሰም። ከድልድዩ እስከ ደጀን በሁለተኛና በሦስተኛ እየቀያየርኩ ወጣኋት፤ እንግዲህ ለ240 ሺህ ኪሎ ሜትር መኪና ከዚህ በላይ አልጠይቃትም። እንቁላሉም ጠፍቷል።

አሮጌው አልጋ ሥር ተቀምጧል። ያ ጋራዥ ሁለቴ ደውሎልኛል፤ አሁን ደግሞ «ብር ልጨምርልህና ውሰድ» ማለት ጀምሯል።

የሶማሌ ተራ ልጅ

ስንት አለህ? ሳትነግረኝ እንዳትሸጥ።