የካንሰር መድኃኒቶችን የማጣመሩ ሥራ ለኮምፒውተር ይሰጥ?

የመወያያ ጥያቄ፦ ለካንሰር ምርምር ከሚመደበው ገንዘብ ሰፊ ድርሻው ውጤታማ የመድኃኒት ጥምረቶችን በኮምፒውተር ለመፈለግ ይዋል ወይስ አይዋል? ሐሳባችሁን በምክንያት አስደግፉ።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር፦ ይዋል ባይ ነኝ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ሥራ 104 የተፈቀዱ የካንሰር መድኃኒቶችን ሁለት ሁለት እያደረገ ከ5,000 በላይ ጥንዶችን በላብራቶሪ በሚራቡ 60 ዓይነት የካንሰር ሴሎች ላይ ሞክሯል። የሚደነቅ ድካም ነው። እነዚያኑ መድኃኒቶች ሦስት ሦስት እናድርጋቸው ብንል ግን 182,104 ጥምረት ይወጣል። በየጥምረቱ እያንዳንዱን መድኃኒት በአምስት መጠን እንሞክር ካልን ደግሞ ከ22 ሚሊዮን ያልፋል፤ ያውም በአንድ ዓይነት ሴል ላይ ብቻ። ይህን የሚችል ላብራቶሪ የለም። ከተሞከረው ተምሮ ያልተሞከረውን የሚገምት የኮምፒውተር ሞዴል ከሌለን በጨለማ መዳበስ ነው የሚሆንብን።

የካንሰር ሐኪም፦ መምህር፣ ቁጥሩን አልክድም። ግን ዛሬ ሰው የምናድንባቸው ጥምረቶች ከየት መጡ? አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 አሚኖፕተሪን በተባለው መድኃኒት የሕፃናትን ሉኬሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ማስታገስ ቻለ፤ በሽታው ግን ጥቂት ቆይቶ ያገረሽ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞቹ ኤሚል ፍራይና ኤሚል ፍራይራይክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ መርካፕቶፑሪንና ፕሬድኒሶን የተባሉትን አራት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሰጡ። አርአያ የሆናቸው የቲቢ ሕክምና ነው። ከቤተሰቡ ቲቢ የታከመ ያለው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ አንዱን መድኃኒት የተላመደው ባክቴሪያ በሌላው እንዲያዝ ብዙ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዋጣል። አራቱ የተመረጡት የሚያጠቁበት መንገድ ስለሚለያይና ጉዳታቸው በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ስለማይደራረብ ነበር። ከዚያ መነሻ በተገነባው ሕክምና ዛሬ ባደጉት አገሮች ከ10 ሕፃናት 9 ያህሉ ይድናሉ። ይህ በሽታውን ከማወቅ የመጣ ነው።

ፋርማሲስት፦ ዶክተር፣ ያን ጊዜ የነበሩት የካንሰር መድኃኒቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ መቶዎች ናቸው። የያኔው አመራረጥ ለዛሬው ብዛት እንዴት ይበቃል?

የካንሰር ሐኪም፦ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ልስጥዎት። ቢአርኤኤፍ በተባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ ካለባቸው የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ይህንኑ ለውጥ በሚያጠቃው ቬሙራፌኒብ በተባለ መድኃኒት ዕጢያቸው ይቀንሳል። ያው ለውጥ ባለበት የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን መድኃኒቱ ለብቻው እምብዛም አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2012 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፤ አንዱ የማደጊያ መንገድ ሲዘጋበት ሴሉ ኢጂኤፍአር በተባለው የእድገት ምልክት ተቀባይ በኩል ሌላ ይከፍታል። ሁለቱንም የሚዘጋው የኤንኮራፌኒብና የሴቱክሲማብ ጥምረት በ2020 በአሜሪካ ተፈቀደ። ቁልፉን የሰጠው የሴሉን ጠባይ መረዳት ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር፦ ሞዴሉም ይህንኑ ጠባይ ይማራል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመ ዓለም አቀፍ ውድድር 160 ቡድኖች 910 ጥምረቶች በ85 ዓይነት ሴሎች ላይ ምን እንደሚያደርጉ ለመተንበይ ተፎካክረዋል። ከ60 በመቶ በላይ በሆኑት ጥምረቶች ላይ አሸናፊዎቹ የደረሱበት ትክክለኛነት ያንኑ ሙከራ በላብራቶሪ መልሶ ከመሥራት አልተናነሰም። 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሁሉም ዘዴዎች እንደወደቁም እዚያው ተጽፏል። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው የት እንደሚወድቅ የሚታወቅ መሣሪያ ሊሻሻል ስለሚችል ነው።

የካንሰር ክፍል ነርስ፦ ከላይ ሁላችሁም ስለ ሴል ታወራላችሁ። ሙከራው የሚደረገው በርካታ ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉባት የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው፤ አንዱ መድኃኒት በአግድም ሌላው በቁም መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከቀናት በኋላ ስንት ሴል እንደተረፈ ይለካል። ሞዴሉ የሚማረው ከዚያ ልኬት ነው። ሰሌዳዋ ነርቭ የላትም። እኔ ቪንክሪስቲን ጣቱን ያደነዘዘው ታካሚ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው፣ ሲብስም እግሩን ሲጎትት አያለሁ። ጉበትም የላትም። ኢትራኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ከቪንክሪስቲን ጋር የወሰደ ሰው ጉዳቱ የሚብስበት ጉበቱ ቪንክሪስቲኑን የሚያስወግድበት መንገድ ስለሚታፈን ነው። ገንዘብ ከተመደበ የታካሚው ጉዳትም ይመዝገብ፣ ሞዴሉም ያንን ይማር። ያለዚያ ሴል ገዳይ ጥምረት አገኘን እያላችሁ ሰው የማይችለውን ታመጡልናላችሁ።

የባዮስታቲስቲክስ ተማሪ፦ እህቴ ባነሳችው ላይ ልጨምር። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚያሳድዱት ተደጋግፈው ከየብቻቸው ድምር በላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ነው። ተመራማሪዎቹ አዳም ፓልመርና ፒተር ሶርገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የብዙ ጥምረቶችን ጥቅም ያለዚህ መደጋገፍ ማስረዳት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ አንዱ መድኃኒት ያልሠራለት ታካሚ በሌላው ይጠቀማል። ይህ ትክክል ከሆነ ኮምፒውተሩን የምንጠይቀው ጥያቄ ራሱ ተሳስቷል። የትኞቹ ጥንዶች ይደጋገፋሉ ከማለት ይልቅ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ታካሚ ይሠራል ማለት ይሻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የታካሚዎች መረጃ ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። ገንዘቡ ይመደብ የሚለውን ግን አልለቅም።

ፋርማሲስት፦ የማን ታካሚዎች መረጃ? መምህር የጠቀሷቸው 60 ሴሎች ከዘጠኝ የካንሰር ዓይነቶች የተወሰዱ ናቸው፤ ሉኬሚያ፣ ሜላኖማ፣ የሳንባ፣ የአንጀት፣ የአንጎል፣ የእንቁልጢ፣ የጡት፣ የፕሮስቴትና የኩላሊት። የማኅፀን በር ካንሰር የለበትም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው እሱ ነው። ከእነዚያ ሴሎች የተማረ ሞዴል ለእነዚህ እናቶች ምን ብሎ ይመርጣል?

የካንሰር ሐኪም፦ ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ከገንዘቡ የመጀመሪያው ብር እዚህ ከሚታከሙት ናሙና ለመሰብሰብ፣ የተሰጣቸውን መድኃኒትና የደረሰባቸውን ጉዳት በወጉ ለመመዝገብ ይዋል። መምህር ሞዴሉን በዚያ ላይ ይሥሩ፤ የሚያወጣውን ጥምረት በሰው ላይ ሳይሞከር ለታካሚዬ አልሰጥም።